የማክሰኞ ክለብ ዕጣ

ሆሳዕና፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ምሕረቱ፣

ሰላም ለቤትህና ለሱቅህ ይሁን። መጠይቅህ ደርሶኛል። አሥራ ሁለት ጥያቄ በኮምፒውተር አስጽፈህ፣ በየጥያቄው ሥር ሁለት ሁለት መስመር ነጥብ ደርድረህ፣ «እባክዎን በአጭሩ ይሙሉ» ብለሃል። በአንድ ድስት የበላን ሰዎች ነበርን፤ ዛሬ «እርስዎ» ስትለኝ ሳቄ መጣ። በአጭሩ አልችልበትም። በራሴ ወረቀት እጽፋለሁ።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር። ሁለተኛ በስልክ የድምፅ መልእክት እንዳትልክልኝ። ቤታችን አንድ ክፍል ናት። አጵሎስ ከአንገቱ በታች አይንቀሳቀስም እንጂ ጆሮው ከእኔም ከአንተም ይበልጣል፤ ስልኬ የተናገረውን ሁሉ ይሰማል። ወረቀት ግን ዝም ይላል። ቲቶ ብርድ ልብስ ለመሸጥ ከእናንተ ወደ እኛ እየተመላለሰ አይደል? በእሱ እጅ ላክ። ቲቶ ባይኖር ሌላ መንገደኛ አይጠፋም።

ክለቡ እንዴት ተመሠረተ ላልከው። በ2002 የዓለም ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ሲመጣ አገሩ ሁሉ ስለ ኳስ አበደ፤ ለእኛ ለኦሬንጅ ፋርም ባለሱቆች ግን የደረሰን የተሳሳተ ኳስ ነው። እዚያ ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው አውስትራሊያዊ ለልጆች ካከፋፈለው የአገሩ ጨዋታ ኳስ የተረፈውን ሁለት ሰጠን። ዱካሞ ኳሱ ሞላላ መሆኑን አይቶ በመንገድ ላይ ተጨፍልቆ ነው አለና፣ ክብ እስኪሆን ብሎ ሲነፋው ሲነፋው ፈነዳ። በሁለተኛው ተጫወታችሁ። «እንቁላሏ» ያላት አጵሎስ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሱቅ አይዘጋም፣ የወር መጨረሻም አይዘጋም፤ ገበያ የሚቀዘቅዘው ማክሰኞ ከሰዓት ነውና ስማችን ማክሰኞ ክለብ ሆነ። ሕጉን ያስተማረን ያው አውስትራሊያዊ ነው። በመሃለኛዎቹ ሁለት ረጃጅም ምሰሶዎች መካከል ያገባ ስድስት ነጥብ፣ ስቶ በጎን በኩል ያሳለፈ አንድ ነጥብ። ለሳተ ሰው ነጥብ የሚሰጥ ጨዋታ ያኔ ነው ያየሁት። አንተ በጣም ወደድከው።

የሴቶቹ ኔትቦል፣ ያ ኳስ በእጅ ወደ ቀለበት የሚወረወርበት ጨዋታ፣ በዓመቱ ተጨመረ። ሰባት ሰው ይፈልጋል፤ ስድስት ነበርን፣ የስልጤዋን ሰአዳን ከጎረቤት ሱቅ ለምነን ሞላን። ሽማግሌዎቹ አጭር ቀሚስ አይሆንም ስላሉ እስከ ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ቀሚስ ተጫወትን፤ ተጋጣሚዎቻችን መዘምራን ይሉን ነበር። ኳስ የያዘች መራመድ አይፈቀድላትም። ከሦስት ሰከንድ በላይም አትይዝም። አምበሏ እኔ ነበርኩ፣ ይህን ጻፍ።

አሁን የእኔ ጥያቄ። ከመጠይቁ ጋር በላክህልኝ የመጽሔት ረቂቅ ገጽ አሥራ አንድ ላይ የመሥራቾቹ ፎቶ አለ። ከግራ ወደ ቀኝ ዱካሞ፣ ምሕረቱ፣ ኢዮኤል ካልክ በኋላ እንቁላሏን ያቀፈውን ሰው «ስሙ ያልታወቀ» ብለሃል። ያልታወቀው ባሌ አጵሎስ ነው። ፎቶውን መልሼልሃለሁ፤ ጀርባውን ገልብጠህ እይ።

ኤርጎጌ



ኦሬንጅ ፋርም፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽ እህቴ ኤርጎጌ፣

በጌታ ፍቅር ከመንበርከኬ ተነሥቼ ይህን እጽፍልሻለሁ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ አድርጊልኝ። የበዓል ኮሚቴው፣ የአዳራሽ ኪራዩ፣ የሱቁ ነገር፤ አሥራ አምስተኛ ዓመት ማክበር ሠርግ ከመደገስ ይብሳል። ስለ ክለባችን የጻፍሽው በጣም ጠቅሞናል፤ የፈነዳውን ኳስ ግን ዱካሞ እንዳይገባ ብሏል። አሁን እሱ ሰብሳቢ ነው።

ፎቶው ላይ የተባለው የጸሐፊዋ ስህተት ነው። ሳምሪ አዲስ ስለሆነች የድሮ ሰው አታውቅም። ሆኖም ኮሚቴው ስለ አጵሎስ ተነጋግሮ አንድ ሐሳብ ላይ ደርሷል። መጽሔቱ በበዓሉ ቀን ለአካባቢው ሹማምንትና ለአውስትራሊያ እንግዶች ይታደላል። በዚህ ሰፈር፣ በሎኬሽኑ ሰው እጅ የደረሰ ጉዳት ቢጻፍ እንግዳን መስደብ ይመስላል፣ እኛም ነገ አብረናቸው ነው የምንኖረው። ስለዚህ «አጵሎስ በ2007 ዓ.ም. በግል ጉዳይ ወደ አገሩ ተመልሷል» ተብሎ በአንድ መስመር እንዲገባ ወስነናል። ስሙ ገባ ማለት ነው። ደስ እንደሚልሽ አምናለሁ።

በፎቶው ጀርባ በእርሳስ «የቀሩት ሦስት ዕጣዎች ምን ይሉ ነበር?» ብለሽ የጻፍሽውን ጥያቄ አየሁት። ያንን ዕጣ ከአሥር ዓመት በኋላ ለምን አነሣሽው? አራታችን ጸልየን ነው የጣልነው። ጸሐፊ እኔ ስለነበርኩ ስሞቹን ጻፍኩ፤ የማንም ወገን እንዳትሆን ብለን ያወጣሽው አንቺ ነሽ። የቀሩትን ሦስቱን አልከፈትንም፤ ዕጣ ከወጣ በኋላ የቀረውን መክፈት ጌታን መጠራጠር ነውና። የዚያ ቀን ዋንጫም በእኔ ምት በአንድ ነጥብ ልዩነት የእኛ ሆነ። ሐዘኑና ደስታው በአንድ ቀን ተሰጠን። አሜን ከማለት በቀር ምን እንላለን?

ለአጵሎስ ሰላምታዬን በጆሮው ንገሪልኝ።

ወንድምሽ ምሕረቱ



ሆሳዕና፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምሕረቱ፣

የአንገት አጥንት የግል ጉዳይ ከሆነ ልክ ነህ፣ ባሌ በግል ጉዳይ ተመልሷል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። አንተ ለመጽሔትህ የረሳኸውን እኔ ላስታውስህ። ያ ማክሰኞ የፍጻሜ ጨዋታ ነበር። ከሶዌቶ የተነሣው የሱቅ ዝርፊያ ወደ እኛ እየመጣ ነው ተባለ። አራቱ ሱቆቻችሁ በአንድ መንገድ ላይ ናቸው፣ ስለዚህ ከአራታችሁ አንዱ ቀርቶ እንዲጠብቅ ተስማማችሁ። በዚያው ቀን ሁለት አውስትራሊያውያን መጥተው፣ ጥሩ የተጫወቱ ሁለት ሰዎችን መርጠው ወደ አገራቸው ሊወስዱ ነው ተብሏል። አንዱ አጵሎስ እንደሚሆን ጨቅላ ሕፃን እንኳ ያውቅ ነበር። ሁለተኛው ኢዮኤል ወይ ዱካሞ ነው ይባል ነበር። የአንተን ስም ያነሣ አልሰማሁም።

ኮፍያውን ከባሌ ራስ ላይ አንሥተህ አራት ጥቅል ወረቀት ከተትክ። «እህቴ፣ እጅሽ ንጹሕ ነው» ብለህ ያቀረብክልኝ አንተ ነህ። አወጣሁ፣ ከፈትኩ፣ በገዛ አፌ «አጵሎስ» ብዬ አነበብኩ። እሱ ሳቀ። ማሊያውን አውልቆ ሰጠህ፤ የአንተ ተቀዶ ነበርና። አንተ የባሌን ማሊያ ለብሰህ ስተህ አንድ ነጥብ አገባህ፣ እሱ ደግሞ አራት ሱቅ ሲጠብቅ የሆነውን ሆነ። መቼም እንግዶቹ ማንንም ሳይወስዱ ነው የሄዱት።

በአርባኛው ቀን፣ እሱ ገና ሆስፒታል ሳለ፣ ኮፍያውን ላጥበው አነሣሁ። ሦስቱ ወረቀቶች በገበሩ ውስጥ ገብተው ቀርተዋል። መክፈት ጌታን መጠራጠር ነው ብለኸን ነበር። እኔ ጌታን አልነበረም የጠረጠርኩት። የመጀመሪያው አጵሎስ ይላል። ሁለተኛው አጵሎስ ይላል። ሦስተኛውም።

አንዷን በዚህ ፖስታ ውስጥ አድርጌልሃለሁ፤ የእጅ ጽሑፍህን እንደማትረሳ አውቃለሁ። ሁለቱ እኔ ጋ ናቸው።

የምፈልገው ብዙ አይደለም። በፎቶው ሥር ስሙ ይግባ። የመጀመሪያውን ግብ ያገባ እሱ መሆኑ፣ አምስት ዓመት አምበል መሆኑ ይግባ። በ2007 «በዕጣ ለጥበቃ ቀርቶ ሳለ ተጎዳ» ተብሎ ይጻፍ። አዎ፣ በዕጣ በል። ስለ ወረቀቶቹ አንዲት ቃል እንዳታነሣ። አጵሎስ ይህን አያውቅም፣ እንዲያውቅም አልፈልግም። ይህ ሁሉ ሳይጻፍ መጽሔትህ ቢወጣ ግን ሁለቱ ወረቀቶች የቤተ ክርስቲያንህ ሽማግሌዎች ጠረጴዛ ላይ ይገኛሉ።

ኤርጎጌ



ኦሬንጅ ፋርም፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሱቅ ውስጥ እንደቆምኩ ከፈትኩት። ወረቀቷ ባንኮኒው ላይ ወደቀች። አንዲት አሮጊት ደንበኛ «ሳውቦና» ብለው ሰላም ሲሉኝ በሁለት እጄ ሸፈንኳት፤ ታምመሃል ወይ ብለው ውሃ ሰጡኝ።

አልክድም። ጽሑፉ የእኔ ነው። አንድ ከሰዓት ነው ብዬ ነበር፤ አንድ ጨዋታ ቢቀርበት ምን ይሆናል ብዬ። ዝርፊያውም እስከ እኛ መንገድ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም። የዚያን ጊዜ ፔፐሬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ተበላሽቶብኝ ነበር፣ መታደሻው ቀን አልፎ። አውስትራሊያ የምትባለው ነገር ዓይኔን አሳወረችኝ። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ስጸልይ ያንን ቀን እየዘለልኩ ነው የምጸልየው።

ያልሽው ሁሉ ይገባል። ለዱካሞ ምን ብዬ እንደማስረዳው አላውቅም፣ ግን ይገባል። እባክሽን ሁለቱን ወረቀቶች ላኪልኝና በእሳት ላቃጥላቸው። ደግሞ ንገሪኝ፤ አጵሎስ በእውነት ምንም አይጠረጥርም? ስሜን ያነሣል? ሲያነሣስ ምን ይላል?

ምሕረቱ



ሆሳዕና፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምሕረቱ፣

ወረቀቶቹን አልልክም። መጽሔቱ ታትሞ ሲደርሰኝ፣ ገጽ አሥራ አንድን ለእሱ ካነበብኩለት በኋላ፣ እኔው ምድጃ ውስጥ እከታቸዋለሁ። ያኔ አንተና እኔ ሳንዋደድ እንለያያለን።

ስምህን ያነሣል ወይ ላልከው፣ በየቀኑ ያነሣዋል። ይጸልይልሃል።

የምለምንህን ለምን እንደምለምንህ ካላወቅህ መቼም አይገባህም፣ ስለዚህ ልንገርህ። ሆስፒታል ውስጥ የነቃ ቀን ዓይኑን ገልጦ አየኝና «አታልቅሺ፤ ዕጣ ነው» አለኝ። እኔ ወረቀቶቹን ካገኘሁ አንድ ሳምንት ሆኖኝ ነበር፣ በቦርሳዬ ይዣቸዋለሁ። ልነግረው አፌን ስከፍት እሱ ቀጠለና፣ ጌታ ከአራቱ ይህን የሚሸከመው አንተ ነህ ብሎ መረጠኝ አለ። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

ዛሬ ቤታችን ሰው አይጠፋበትም። ልጅ የሞተባት ትመጣለች፣ ከሥራ የተባረረ ይመጣል፣ ባሏ የከዳት ትመጣለች። አልጋው አጠገብ ይቀመጣሉ፤ እሱ ታሪኩን ይነግራቸዋል። ክፉ ሰው አልመታኝም፣ ዕጣ ነው የወጣልኝ፣ ዕጣን የሚያወጣ ደግሞ አይሳሳትም ይላቸዋል። እኔ የቡላ ገንፎውን በማንኪያ እያጎረስኩት፣ ሲጨርስ አሜን እላለሁ። ተጽናንተው ይሄዳሉ። አንድም ቀን ሲያማርር አልሰማሁትም፣ እኔ ግን ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ስንት ጊዜ እንደረገምኩህ አትጠይቀኝ።

ሰው የቆመበትን መሬት ከሥሩ አትነቅልበትም። ይህን ብቻ ነው የምለምንህ። ከአንተ ይቅርታ አልፈልግም፣ ንስሐህንም አልፈልግም። ዝም በል። ዝም ማለት ቀላል ነው፣ አሥር ዓመት ችለኸው የለም?

ኤርጎጌ



ኦሬንጅ ፋርም፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽ እህቴ ኤርጎጌ፣

ደስ ይበልሽ። ከእንግዲህ አንቺም እኔም ነፃ ነን።

ባለፈው ሳምንት ጆሃንስበርግ ውስጥ ትልቅ ኮንፈረንስ ነበረን። ሰባኪው በሁለተኛው ቀን፣ ኃጢአትህን ለሦስተኛ ወገን ነግረህ አልተናዘዝክም፣ ለበደልከው ለራሱ ንገር ሲል ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ለእኔ የተነገረ ነው። አየሽ እህቴ፣ አንቺ ሦስተኛ ወገን ነሽ። በአንቺና በእኔ መካከል ስንጻጻፍ የበደልኩት ሰው ተዘለለ።

ስለዚህ ለአጵሎስ ሦስት ገጽ ጻፍኩለት። ምንም አላስቀረሁም። አራቱን ወረቀት እንዴት እንደጻፍኩ፣ ለምን እንደጻፍኩ፣ አንቺም በአርባኛው ቀን አግኝተሽ እስከ ዛሬ እንደያዝሽ። ያንን መተው ፈልጌ ነበር፤ ግን ግማሽ እውነት ውሸት ነው። ልመናሽን አልረሳሁም። ሰውን ከመስማት እግዚአብሔርን መስማት በለጠብኝ፣ ትረጂኛለሽ።

ቲቶ ንባቡ የጠራ ነውና ራሱ ቁጭ ብሎ እንዲያነብለት ነገርኩት። አንቺ እንዳትደነግጪ ብዬ በገበያ ቀን፣ ከቤት ስትወጪ እንዲሆን አደረግኩ። ይህችን ደግሞ ለአንቺ ለብቻዋ ሰጥቼዋለሁ፣ ከንባቡ በኋላ ይሰጥሻል።

እንደ ላባ ቀልዬአለሁ። ማክሰኞ ዕለት ሜዳ ወጥቼ ከወጣቶቹ ጋር ተጫወትኩ፣ ከስንት ዓመት በኋላ በመሃል አገባሁ። ስድስት ነጥብ።

የአጵሎስን ጉርድ ፎቶ ካለሽ ለመጽሔቱ ላኪልኝ። አልጋ ላይ ያለበት ባይሆን ይመረጣል።

ወንድምሽ ምሕረቱ



ሆሳዕና፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምሕረቱ፣

ሦስት ጊዜ በሰው ልከህ ለምን ዝም አልሽ ብለሃል። ተቀየምሽ ወይ፣ መጽሔቱ ደረሰሽ ወይ፣ አጵሎስ ሲሰማ ምን አለ ብለሃል። መልሼልህ ልጨርስ።

መጽሔቱ ደርሷል። ወረቀቱ የሚያብረቀርቅ ነው፣ ብዙ ደክማችሁበታል። በፎቶው ሥር ስሙ አለ። የመጀመሪያው ግብም አለ። ዕጣው የለም። በዕጣው ፈንታ አጵሎስ የላከልህን የይቅርታ ቃል ሙሉውን አትመኸዋል፣ በሥሩም አንተ ስታለቅስ የተነሣኸውን ፎቶ። ጥሩ ታለቅሳለህ።

አዎ፣ ይቅር ብሎሃል። ቲቶ እንደነገረኝ፣ ሦስተኛውን ገጽ አንብቦ ገና ሳያጥፈው ነው አጵሎስ «ጻፍልኝ» ያለው። ወንድሜ ይቅር ብዬሃለሁ፣ ልጅነት ነው፣ ጭንቀት ነው ብሎ አስጻፈው። እንዲህ ያለ ሰው ነው። ስምህ ምሕረቱ ነው፣ ምሕረትህን አገኘህ። እኔ ከገበያ ስመለስ ቲቶ በር ላይ ቆሞ ነበር፣ ዓይኔን ማየት አልቻለም። ሽንኩርቱን መሬት አስቀምጬ ገባሁ።

«ታውቂ ነበር?» አለኝ።

«አዎ» አልኩ።

«አሥር ዓመት እኔ ለሰው ሳወራ፣ አጠገቤ ሆነሽ አሜን ስትይ፣ ታውቂ ነበር?»

አዎ አልኩ። ስለ አንተ ብዬ ነው አልኩ። ሰው ሲከበብ እንደሚለው ብዙ ነገር አልኩ። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ የሚያዞረው እሱን ብቻ ነውና። ከዚያ ወዲህ ለእኔ አንድ ቃል አልተናገረም። ለጎረቤት ይናገራል፣ ለዶሮዋ እንኳ ይናገራል። ልጅ የሞተባቸው ሲመጡ ስለ ዝናቡ ያወራቸዋል፤ እነሱም አሁን አይመጡም። ማንኪያ ሳቀርብለት ከንፈሩን ይገጥማል። ሦስት ቀን ሙሉ አልበላም።

አንተን መርገም አቃተኝ፣ ይህ ነው የሚያናድደኝ። አንዷን ወረቀት በፖስታ የከተተች የእኔ እጅ ናት። ዝም በል ብዬ የጮኽኩብህ እኔ ነኝ፣ አስቀድሜ ዝም ማለት ያቃተኝም እኔው። ለአንድ መስመር ብዬ፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ስሙን ልይ ብዬ። ኳስ የያዘች ከሦስት ሰከንድ በላይ አትይዝም፤ እኔ አሥር ዓመት ይዤ ቆየሁና ስለቅቀው ለአንተ ለቀቅኩት።

በአራተኛው ቀን የቤተ ክርስቲያን እህቶች መጡ፣ አምስት ናቸው። እየሳቀ አነጋገራቸው። ከእንግዲህ እናንተ በየተራ ብታጎርሱኝ ምን ይመስላችኋል፣ በየሳምንቱ ዕጣ ትጣጣሉ አላቸው። እኔ በር ላይ ቆሜአለሁ። ታላቅየዋ ፊቤ አየችኝ፣ እሱንም አየችው። ኮፍያውን ከግድግዳው አስወረደ፣ ያንኑ ኮፍያ። ፊቤ ስሞቹን ጻፈች፣ አንዷ አወጣች፣ ለፍሬገነት ወጣ።

ያኔ «የቀሩትንም ክፈቱ» አላቸው።

አንድ በአንድ አስከፈታቸው፣ አንድ በአንድ ጮክ ብለው እንዲያነቡ አደረገ። ሁሉም የተለያዩ ነበሩ። እኔም በሩ ላይ ሆኜ ቆጠርኩ፣ አምስቱም ተነበቡ። የእኔ ስም የለበትም።

ኤርጎጌ